የፍሬን ዲስክ፦ ገዥና ሻጭ የማይለኩት ሚሊ ሜትር

ያገለገለች አነስተኛ የመስክ መኪና ለሽያጭ ስትቀርብ የሚደረገውን ምርመራ ያልተመለከተ የከተማ ነዋሪ አለ ለማለት ያስቸግራል። ገዥው በሮቹን ከፍቶ ይዘጋል፤ ቀለሙ ከፋብሪካ የወጣበት ይሁን በኋላ የተቀባ ለማወቅ ቆርቆሮውን በጣቱ ያንኳኳል፤ ሞተሩን አስነስቶ የጭሱን መልክ ይመለከታል። ደላላው በበኩሉ ሊብሬውን ዘርግቶ የስሪት ዘመኑን ያስነብባል። ጎማው በእግር ይመታል። ከዚያም ወደ ዋጋ ክርክር ይገባል። በዚህ ሁሉ መካከል ግን አንድ ጎማ አስፈትቶ ከበስተኋላው ያለውን የፍሬን ዲስክ የሚለካ ገዥ እምብዛም አይገኝም።

ዲስኩ ግን ከሌሎቹ የመኪና ክፍሎች የሚለይበት ጉዳይ አለ። የሞተር ጤንነት በጆሮና በልምድ የሚገመት ሲሆን፣ የዲስክ ቀሪ ዕድሜ በሚሊ ሜትር የሚለካ፣ ገደቡም በፋብሪካው በራሱ ብረት ላይ በአሃዝ የተጻፈ ነው። ስለዚህ በክርክር ሳይሆን በመለኪያ የሚፈታ ጉዳይ ነው። ሳይለካ የሚቀረው ደግሞ የገዥውን ገንዘብ ብቻ ሳይሆን በመኪናው የሚሳፈረውን ቤተሰብ ሕይወት ጭምር ለአደጋ የሚያጋልጥ መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

ያረጀው መኪና ለምን ተፈላጊ ሆነ?

እንደ ሱዙኪ ቪታራና ቶዮታ ራቭ ፎር ያሉ አነስተኛ የመስክ መኪኖች በከተማችን ጎዳናዎች የቆዩ ናቸው። የመጀመሪያው ቪታራ ለዓለም ገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1988፣ የመጀመሪያው ራቭ ፎር ደግሞ በ1994 ነው። የእነዚህ የመጀመሪያ ሞዴሎች ምርት ካበቃ ብዙ ዓመታት ያለፉ ቢሆንም ዛሬም ሲሸጡና ሲለወጡ ይታያሉ።

ይህ የሆነበት ምክንያት ባለንብረቶች አሮጌ ነገር ስለሚወዱ አይደለም። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ዕድሜያቸው በገፋ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ መጣሉ ይታወሳል። በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር ደግሞ በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን መንግሥት አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንኮች ከ57 ብር በላይ ይመነዘር የነበረው 1 የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ሦስቱ እርምጃዎች ተደማምረው ሲታዩ፣ በነዳጅ የሚሠራ መኪና ያለው ሰው ይዞት መቆየቱ አስተዋይነት ነው። ይሁንና መኪናው ከዲስኩ ጋር ነው የሚቆየው። ከውጭ የሚመጣው መለዋወጫም ዋጋው ከዶላር ጋር ስለሚጓዝ፣ ተጠግኖ የሚሠራውን ከሚጣለው መለየት ቀላል የማይባል ገንዘብ የሚያድን ዕውቀት ሆኗል።

ለመሆኑ ዲስኩ የሚሠራው ምንድነው?

አብዛኞቹ የቆዩ አነስተኛ የመስክ መኪኖች በፊት እግሮቻቸው ዲስክ፣ በኋላ እግሮቻቸው ታምቡር አላቸው። ዲስኩ ሞዞው ላይ ታስሮ ከጎማው ጋር አብሮ የሚሽከረከር የብረት ሰሃን ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱ ካሊፐር የሚባለውን መቆንጠጫ ይገፋል፤ መቆንጠጫውም ሁለት ሸራዎችን ከግራና ከቀኝ ዲስኩ ላይ ይጫናል። መኪናው የሚቆመው በዚህ ፍትጊያ ነው። ሲቆምም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያዘነብል ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሥራ የሚወድቀው በፊቶቹ ዲስኮች ላይ ነው።

ፍሬን የመኪናውን ፍጥነት ወደ ሙቀት የሚለውጥ መሣሪያ ነው ቢባል አባባሉ ትክክል ነው። ከነተሳፋሪው 1,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና በሰዓት ከ60 ኪ.ሜ. ፍጥነት ሲቆም ዲስኮቹና ታምቡሮቹ 208 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይቀበላሉ። ፍጥነቱ 80 ኪ.ሜ. ከሆነ ወደ 370 ኪሎ ጁል ይደርሳል። ፍጥነቱ በአንድ ሦስተኛ ሲጨምር ሙቀቱ በሦስት አራተኛ ያህል ይጨምራል ማለት ነው።

የከተማው ሩጫ ከቁልቁለት ጋር ሲነጻጸር ግን ቀላል ነው። ከጎሐ ጽዮን ተነስቶ እስከ ዓባይ ድልድይ ድረስ የሚወርደው መንገድ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ለእያንዳንዱ 1,000 ሜትር ቁልቁለት ይኸው 1,500 ኪሎ መኪና የሚለቀው ኃይል 14,700 ኪሎ ጁል ያህል ሲሆን፣ ይህም ከ60 ኪ.ሜ. ፍጥነት 70 ጊዜ ከመቆም ጋር እኩል ነው። 40 ሊትር ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት መሆኑ ነው። ከዚህ ውስጥ የተወሰነውን ነፋስ ይወስደዋል፤ በከባድ ማርሽ የሚወርድ ሾፌር ደግሞ ሞተሩ ብዙውን እንዲሸከምለት ያደርጋል። ማርሹን ቀሊል አድርጎ ወይም ዜሮ አስገብቶ እግሩን ፔዳሉ ላይ ጭኖ የሚወርደው ግን ሁሉንም ለዲስኩና ለታምቡሩ ይተወዋል።

የዲስኩ ውፍረት ወሳኝ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ብረቱ በሳሳ መጠን ሙቀቱን የሚይዝበት አካል ያንሰዋል፤ ቶሎ ይግላል። ሙቀቱ በሸራው አልፎ ወደ ፍሬን ዘይቱ ይዘልቃል። ዶት 3 የተባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ እንዲቆይ ደረጃው ያስገድዳል። ዘይቱ ግን ከአየር እርጥበት የሚስብ በመሆኑ 3.7 ከመቶ ውሃ ሲገባበት የመፍላት ደረጃው እስከ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ከፈላ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ ስለሚታመቅ ፔዳሉ ያለ ተቃውሞ ወለል ድረስ ይወርዳል። ቁልቁለት ላይ «ፍሬን እምቢ አለኝ» የሚባለው አንደኛው ምክንያት ይኸው ነው።

በብረቱ ላይ የተጻፈው አሃዝ

በዲስኩ ጠርዝ ወይም በመካከለኛው ክፍሉ ላይ «ሚን» የሚል የላቲን ጽሑፍና ከጎኑ አሃዝ ተቀርጾ ይገኛል። ከዚያ ውፍረት በታች የሆነ ዲስክ ሊሠራበት አይገባም ማለት ነው። ዝገት ሸፍኖት ከሆነ በሽቦ ብሩሽ ሲፈተግ ይታያል። ብዙውን ጊዜ በአዲሱ ውፍረትና በዚህ ገደብ መካከል ያለው ልዩነት ከ2 ሚሊ ሜትር ግድም አይበልጥም። እንግዲህ ባለንብረቱ ዲስክ ሲገዛ ብዙ ኪሎ ብረት ተሸክሞ ቢሄድም፣ የሚጠቀምበት ይህችን 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በሒሳብ ቋንቋ የዲስኩ የእርጅና ተቀናሽ የሚታሰበው በዓመት ሳይሆን በሚሊ ሜትር ነው።

አለካኩም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሸራው የማይነካው የዲስኩ ዳር ሳይበላ ስለሚቀር እንደ ከንፈር ቆሞ ይታያል። ተራ መለኪያ ይህን ከንፈር ከነካ ያለቀውን ዲስክ ጤነኛ አስመስሎ ያነባል። ትክክለኛው መሣሪያ ማይክሮሜትር ነው፤ ከዳሩ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገብቶ በተለያዩ ቦታዎች ይለካል። ማይክሮሜትር ከሌለ በዲስኩ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ሳንቲም አስደግፎ በተራው መለኪያ ከለኩ በኋላ የሁለቱን ሳንቲሞች ውፍረት መቀነስ ይቻላል። ከተገኙት አሃዞች ሁሉ ለውሳኔ የሚያዘው ትንሹ ነው።

መኪናው የሚሰጣቸው ምልክቶችም አሉ። ፍሬን ሲያዝ ቀጭን የፉጨት ድምፅ የሚሰማ ከሆነ ሸራው ማለቁን እንዲጠቁም የተሠራው ትንሽ ብረት ዲስኩን ነክቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ብረት ከብረት የሚፋጭ ድምፅ ከሆነ ግን ሸራው አልቆ ጀርባው ዲስኩን እያረሰው ነው፤ በዚህ ሁኔታ የሚነዳ መኪና የሸራውን ወጪ በየቀኑ ወደ ዲስክ ወጪ እየለወጠው ነው። መሪው ወይም ፔዳሉ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የዲስኩ ውፍረት ከቦታ ቦታ እኩል አለመሆኑን ወይም ቀጥ ብሎ አለመዞሩን ያመለክታል። መኪናው ወደ አንድ ወገን ሲጎትት ደግሞ ጥፋቱ የዲስኩ ሳይሆን የተጣበቀ ካሊፐር ሊሆን ስለሚችል፣ ሳይመረመር ዲስክ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ቶርኖ ማስገባት ወይስ መለወጥ?

ዲስኩ ሲቦረቦር ወይም ሲንቀጠቀጥ በጋራዥ የሚቀርበው የተለመደ ምክር ቶርኖ ቤት አስገብቶ ማስላጥ ነው። ምክሩ በደፈናው ትክክል፣ በደፈናውም ስህተት አይደለም፤ መልሱ ያለው በስሌቱ ውስጥ ነው።

ለማነጻጸር እንዲያመች የአንድ ጥንድ አዲስ ዲስክ ዋጋ 100 ብር፣ የቶርኖ ዋጋ 20 ብር፣ የመካኒክ የእጅ ዋጋ ደግሞ 25 ብር ነው እንበል። እነዚህ አሃዞች የገበያ ዋጋዎች ሳይሆኑ ማመዛዘኛዎች ብቻ ናቸው፤ አንባቢ በቦታቸው የጠየቀውን ዋጋ ሊያስገባ ይችላል። አዲሱ ዲስክ 22፣ ገደቡ 20 ሚሊ ሜትር ሆኖ፣ 2 ሚሊ ሜትሩ 60,000 ኪ.ሜ. ያስኬዳል ብለን እናስብ። አዲስ ለገዛው ወጪው 125 ብር ሲሆን ለ1,000 ኪ.ሜ. 2 ብር ከ8 ሳንቲም ይደርስበታል።

አሁን ዲስኩ 21.6 ሚሊ ሜትር ሆኖ ጭረቱ ቀላል ነው እንበል። ቶርኖው ከሁለቱ ፊቶች በድምሩ 0.2 ሚሊ ሜትር ቢያነሳ 21.4 ይሆናል፤ እስከ ገደቡ 1.4 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 42,000 ኪ.ሜ. ይቀረዋል። ወጪው 45 ብር ስለሆነ ለ1,000 ኪ.ሜ. 1 ብር ከ7 ሳንቲም ይሆናል። እዚህ ላይ ቶርኖው አዋጭ ነው።

ዲስኩ 20.8 ሚሊ ሜትር ላይ ደርሶ ቦረቦሩም ጥልቅ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ከእያንዳንዱ ፊት 0.3 ሚሊ ሜትር ቢላጥ የሚቀረው 20.2 ነው። ከገደቡ በላይ ያለችው 0.2 ሚሊ ሜትር የምታስኬደው 6,000 ኪ.ሜ. ብቻ ነው። ያው 45 ብር ለ1,000 ኪ.ሜ. 7 ብር ከ50 ሳንቲም ሆነ፤ የአዲሱን ከሦስት እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። አዲሱ ሸራ ግማሽ ዕድሜውን ሳይጨርስ መኪናው ተመልሶ ጋራዥ ይገባል፤ ካልገባም ከገደብ በታች በሆነ ዲስክ መንገድ ላይ ይውላል። ርካሽ መስሎ የቀረበው ጥገና ውዱ ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ የሚወጣው ደንብ አጭር ነው፤ ቶርኖ ቤት ከመሄድ በፊት ይለካል፣ ከቶርኖ ቤት ሲመለስም ይለካል። ከተላጠ በኋላ የሚቀረው ውፍረት ቢያንስ አንድ ሙሉ የሸራ ዕድሜ የማያደርስ ከሆነ መለወጥ ይሻላል። ስንጥቅ ያለበት ዲስክ ግን በምንም ስሌት አይላጥም፤ ይጣላል።

መለዋወጫ ገበያው ላይ

መርካቶ ሶማሌ ተራ ወይም ሌላ የመለዋወጫ መደብር የሚሄድ ገዥ የመኪናውን ስምና ዓመት ብቻ ይዞ መሄድ አይበቃውም። የአንድ መኪና ባለ ሁለት በርና ባለ አራት በር ሞዴሎች የተለያየ ዲስክ ሊኖራቸው ይችላል። የሻንሲ ቁጥሩንና ከተቻለም አሮጌውን ዲስክ ይዞ መሄድ ይገባል። የሚመሳከሩት ነገሮች የጎን ስፋቱ፣ ውፍረቱ፣ የመካከለኛው ቀዳዳ ስፋት፣ የብሎን ቀዳዳዎቹ ብዛትና ርቀት፣ እንዲሁም የጉብታው ከፍታ ናቸው። በሁለት ፊቶቹ መካከል የአየር መተላለፊያ ያለውን ዲስክ መተላለፊያ በሌለው ድፍን ዲስክ መተካት አይቻልም።

ከሌላ መኪና የተፈታ ዲስክ ሲቀርብ ዋጋው ከመጠየቁ አስቀድሞ ውፍረቱ ሊጠየቅ ይገባል። በግማሽ ዋጋ የቀረበ ዲስክ ከ2 ሚሊ ሜትሩ የቀረው ሩቡ ብቻ ከሆነ፣ ገዥው የከፈለው ከአዲሱ እጥፍ ነው። የአየር መተላለፊያው ውስጥ ያሉት ክንፎች በዝገት የተበሉም ከሆኑ ፊቱ ቢያብረቀርቅ ዋጋ የለውም።

ዲስክ በነጠላ አይገዛም፤ የግራውና የቀኙ አብረው ይለወጣሉ። አንደኛው ወፍራም ሌላኛው ቀጭን ሲሆኑ ሙቀት የሚይዙት እኩል ስላልሆነ መኪናው ፍሬን ሲያዝ ሊጎትት ይችላል። ሸራውም ከዲስኩ ጋር አዲስ ይሁን፤ በአሮጌ ዲስክ ቦረቦር ቅርጽ የያዘ ሸራ አዲሱን ፊት እኩል አይነካም።

ሥራው ሲሠራ

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ በጥድፊያ የተገጠመ አዲስ ዲስክ በጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ውስጥ መንቀጥቀጥ ሲጀምር «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ይባላል። ብዙውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ዕቃው ላይ አይደለም። ባለንብረቱ ቆሞ ቢያይ የሚከተሉትን ሊጠይቅ ይገባዋል።

መኪናው በክሪክ ብቻ ተደግፎ አይሠራም፤ ጠንካራ ድጋፍ ይግባለት። የተፈታው ካሊፐር በፍሬን ቱቦው ላይ ተንጠልጥሎ አይተው፤ በሽቦ ይታሰር። በዝገት የተጣበቀን ዲስክ ያለ ርኅራኄ በመዶሻ መደብደብ ኩሽኔታውን ይጎዳል። ብዙ የጃፓን መኪኖች ዲስክ ላይ ጥርስ ያላቸው ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ ብዙውን ጊዜ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ብሎን በሁለቱም ላይ ተራ በተራ ሲጠብቅ ዲስኩን ገፍቶ ያወጣዋል።

ዋናው ጉዳይ የሞዞው ፊት ነው። እዚያ ላይ የቀረች ቅንጣት ዝገት አዲሱን ዲስክ ታዘመዋለች። የሚፈቀደው መወላገድ ከሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ግድም የማይበልጥ ስለሆነ፣ ሞዞው በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት እስኪጠራ መጽዳት አለበት። አዲሱ ዲስክ እንዳይዝግ የተቀባው ዘይትም በፍሬን ማጽጃ ይወገድ፤ በቤንዚን አይታጠብ። የካሊፐሩ መንሸራተቻ ፒኖች ተጠርገው ሙቀት የሚችል ግራሶ ይቀቡ፤ ግራሶው ግን ሸራውንና ዲስኩን አይንካ። የጎማ ብሎኖች በፋብሪካው ልክ፣ አንዱን ከጠበቁ በኋላ ተቃራኒውን እያሉ ይጠብቁ።

ሥራው ሲያልቅ መኪናው ገና ቆሞ ሳለ ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግሞ ይረገጥ። ይህን የዘነጋ ሰው ከጋራዡ በር ሲወጣ የመጀመሪያው እርግጫ ባዶ ይሆንበታል። ከዚያ በኋላ ገላጣ መንገድ ላይ ከመካከለኛ ፍጥነት ቀስ እያሉ አሥር ጊዜ ያህል ማብረድ፣ በየመካከሉም ዲስኩ እንዲቀዘቅዝ መንዳት ያስፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ከአደጋ በስተቀር አጥብቆ ባይያዝ ይመረጣል።

ዕድሜውን ለማራዘም

ሸራው 3 ሚሊ ሜትር ያህል ሲቀረው መለወጥ ዲስኩን ያድናል። በየአገልግሎቱ ጎማ ሲፈታ የውስጡና የውጩ ሸራ ይነጻጸሩ፤ አንዱ በጣም ካለቀ ፒኑ ወይም ፒስተኑ ተጣብቋል ማለት ነው። የፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ ይለወጥ። ቁልቁለት ወርዶ የጋለ ዲስክ ላይ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ማስረጨት ሊያጣምመው ስለሚችል እስኪበርድ መታገሥ ነው። በዝናብ ወራት ቆሞ የከረመ መኪና ዲስክ ላይ የሚታየው ቀላል ዝገት ጥቂት ሲነዳ ይጠፋል፤ የማይጠፋ ቦረቦር ከተወ ግን መለካት አለበት።

ለሻጭ፣ ለገዥና ለደላላ

ወደ ሽያጩ እንመለስ። ገዥው ከመፈራረሙ በፊት ሁለት የፊት ጎማ ማስፈታት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። የተገኘው ውፍረት ከገደቡ ጋር ሲተያይ፣ ቀሪው ትንሽ ከሆነ የጥንድ ዲስኩ፣ የሸራውና የእጅ ዋጋው ተደምሮ ከመኪናው ዋጋ ላይ እንዲቀነስ በአሃዝ መከራከር ይቻላል። ዲስኩ ጤነኛ ከሆነም ሻጩ ያንኑ አሃዝ አሳይቶ ዋጋውን ያስከብራል። ደላላውም ከሊብሬው ጋር የግራና የቀኝ ዲስክ ውፍረት፣ የፋብሪካው ገደብና የተለካበት ቀን የሰፈረበት ብጣሽ ወረቀት ቢይዝ፣ ከሽያጭ በኋላ ከሚመጣ ክስና ወቀሳ ራሱን ያድናል።

ገዥው ይህን ሳያደርግ ቢቀር፣ ዲስኩ ማለቁን የሚያውቀው ወይ መካኒኩ ነግሮት ነው፤ ወይም አንድ ቀን ወደ ዓባይ ሲወርድ ፔዳሉ ወለል ድረስ ሲከተለው ነው።